ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና በኋላ እንዴት እንብላ፣ እንዴት እናገግም

ቀዶ ጥገናው ራሱ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ነው የሚፈጀው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የወራት ሥራ ነው። ጨጓራችሁ በአንድ ቀን አንሷል፤ ዓይናችሁ፣ እጃችሁና የአበላል ልማዳችሁ ግን አሁንም የሚያውቁት የድሮውን ጨጓራ ነው። ታናሽ እህቴን ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሳስታምም ያየሁት ትልቁ ፈተና ይኸው ነበር። ቁስሉ ቶሎ ዳነ። አበላሉን መልመድ ግን ወራት ፈጀ።

ከታች ያለው ከዚያ የተማርኩትና ሐኪሞች በአብዛኛው የሚስማሙበት ነው። ቀኖቹ ከሐኪም ሐኪም ይለያያሉ። የእናንተ ሐኪም ከዚህ የተለየ ከነገራችሁ የእሱን ያዙ።

መጀመሪያ፣ የተሠራላችሁን እወቁ

በብዛት የሚሠሩት ስሊቭና ባይፓስ የሚባሉት ናቸው። በስሊቭ ከጨጓራው ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያ በላይ ተቆርጦ ይወጣል። የሚቀረው ሙዝ የሚመስል ቀጭን ቱቦ ነው። ረሃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለ ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከሚወጣው ክፍል ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ረሃብ ጭራሽ ላይሰማችሁ ይችላል።

በባይፓስ ደግሞ ከጨጓራው አናት ላይ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ትሠራለች። እሷም በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገናኛለች። ምግቡ የአንጀቱን የመጀመሪያ ክፍል ዘልሎ ያልፋል። አይረንና ካልሲየም በደንብ የሚመጠጡት ግን እዚያ ነው። ለዚህ ነው ባይፓስ የተሠራለት ሰው የቫይታሚን ነገር ለአፍታም ችላ ሊባል የማይገባው።

ከአልጋ ተነሱ

አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ጥገናው ዕለት ወይም በማግስቱ ተነሥታችሁ ትራመዳላችሁ። ያማል፣ ያዞራል፣ ግን ተነሱ። ዋናው ምክንያት በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዳይረጋ ነው። ቤት ከገባችሁም በኋላ በየሰዓቱ አምስት ደቂቃ ያህል ቤት ውስጥ መንቀሳቀስ ይበቃል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ጨምሩ። ከባድ ዕቃ ማንሳት ግን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቅር። ሕፃን ልጅ ካላችሁ እናንተ ተቀመጡና ሌላ ሰው አንሥቶ ጭናችሁ ላይ ያስቀምጥላችሁ።

መጠጣት ሥራ ይሆናል

በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት የሚፈቀደው ውሃና የጠለለ መረቅን የመሰለ፣ ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ ነው። መለኪያው ብዙ ጊዜ ያቺ የመድኃኒት ሽሮፕ የሚለካባት ትንሽ የላስቲክ ስኒ ናት። 30 ሚሊ ሊትር ትይዛለች። እስቲ አብረን እናስላ። በቀን ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ፈሳሽ ያስፈልጋል። ይህ 50 ስኒ ማለት ነው። በየ15 ደቂቃው አንድ ስኒ ብትጠጡ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅባችኋል። ቀኑን ሙሉ ማለት ነው።

እህቴ ስልኳ ላይ አላርም ሞላች። ስኒዋን አጠገቧ አድርጋ፣ አንዷን ስኒ በሦስት በአራት ፉት ትጨርሳለች። ሁለት ሦስት ጊዜ ረስታ ሳትጠጣ ቀረችና ማታ ላይ ራሷን ክፉኛ አመማት። ከዚያ በኋላ አላርሙን አልናቀችውም። ሰዎች ከቀዶ ጥገናው በኋላ ወደ ሆስፒታል እንዲመለሱ ከሚያደርጓቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የፈሳሽ ማነስ ነው። የሽንታችሁን ቀለም ተመልከቱ። ከጠቆረ አልጠጣችሁም ማለት ነው።

ጋዝ ያለው መጠጥ ይቅር፤ ትንሿን ጨጓራ ይወጥራታል። በስትሮም አትጠጡ፤ አየር አብሮ ይገባል። ውሃ ከከበዳችሁ ለብ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ለአንዳንዱ ሰው ቀዝቃዛው ሆዱን ይጨብጠዋል፣ ለሌላው ደግሞ በተቃራኒው ነው።

እስከ ሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ ድረስ የሚቀጥለው ፈሳሽ ነው፤ ግን ወተት፣ ቀጭን እርጎና የፕሮቲን ዱቄት የተበጠበጠበት መጠጥ ይጨመርበታል። ፕሮቲን ለምን? ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ ሰውነት ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻም ያቃጥላል። ቁስልም የሚጠገነው በፕሮቲን ነው። አብዛኛው ሰው በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም እንዲያገኝ ይመከራል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። ማለትም በእንቁላል ብቻ 60 ለመሙላት አሥር እንቁላል ሊያስፈልግ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት የፕሮቲን ዱቄቱን አትፍሩት።

ከተፈጨ ወደ ለስላሳ

ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ የተፈጨ ምግብ ይመጣል። ዓሣም ይሁን ዶሮ ወይም ምስር፣ እንደ ሕፃን ምግብ ልሞ መፈጨት አለበት። ከአምስተኛው ሳምንት አካባቢ ደግሞ በሹካ የሚደቅ ለስላሳ ምግብ ይጀመራል። ወደ መደበኛው ምግብ መመለስ የሚቻለው ብዙ ጊዜ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ደረጃ አትዝለሉ። “ደህና ነኝ፣ ምንም አልተሰማኝም” ማለት ውስጥ ያለው ስፌት ድኗል ማለት አይደለም።

የእህቴን የመጀመሪያ እንቁላል አልረሳውም። አምስተኛው ሳምንት ነበር። አንድ እንቁላል ለስለስ አድርጌ ጠበስኩላት። በሻይ ማንኪያ ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በአራተኛው ላይ አፍንጫዋ ፈሰሰ፤ በእጇ ጠረገችው። ከዚያ አንድ ጊዜ ስቅ አላት። ሳህኑ ላይ የቀረችው አንዲት ማንኪያ ነበረች። “ይቺ ምን ታደርገኛለች” ብላ ጎረሰቻት። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ደረቷን ይዛ ተነሣች። ግማሽ ሰዓት ያህል መታጠቢያው ላይ ተደፍታ አረፋ የመሰለ ምራቅ ስትተፋ ቆየች።

ያ አፍንጫ መፍሰስና ያ ስቅታ የአዲሱ ጨጓራ “በቃኝ” ነበር። የድሮው ጨጓራ ሲሞላ የሚሰማው ስሜት ሌላ ነው፤ አዲሱ በሌላ ቋንቋ ነው የሚናገረው። አንዱ ደረቱ መሐል ጫን ይለዋል። አንዱ ያስነጥሰዋል። አንዱ ደግሞ በረጅሙ ይተነፍሳል። የእናንተን ምልክት ፈልጋችሁ እወቁት። ስታውቁት ማንኪያውን አስቀምጡ። የቀረው ይደፋ። ምግብ መድፋት ለብዙዎቻችን ከባድ ነው፤ ልጆች ሳለን ሳህን አጥሩ ተብለን ነው ያደግነው። ነገር ግን ሆዳችሁ የትርፍራፊ ማጠራቀሚያ አይደለም።

አበላሉን በተግባር እንዲህ አድርጉት። በትንሽ ሳህን ያዙ፣ በሻይ ማንኪያ ብሉ። እያንዳንዷን ጉርሻ ሃያ ጊዜ ያህል አኝኩ፤ አፍ ውስጥ ልማ ሾርባ እስክትመስል። ከዋጣችሁ በኋላ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና ትንሽ ቆዩ። ማዕዱ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይውሰድ። ከፕሮቲኑ ጀምሩ፣ ቀጥሎ አትክልት፣ ቦታ ከተረፈ ሌላው። ቴሌቪዥንና ስልክ ይዘጉ፤ ዓይን ሌላ ቦታ ሲሆን እጅ ሳይታዘዝ ይጎርሳል።

ከምግብ ጋር አትጠጡ። ከበላችሁ በኋላም ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ቦታው ጠባብ ነው፤ ውሃው ወይ ምግቡን ያስመልሳል፣ ወይ ገፍቶ ቶሎ ያሳልፈውና ሳትጠግቡ ትቀራላችሁ።

ደረቅ ሥጋ፣ ትኩስ ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታ ለብዙ ሰው አስቸጋሪ ናቸው፤ እንደ ሊጥ ተጣብቀው ይቀራሉ። አንድ ምግብ ካልተስማማችሁ ለዘላለም አትሰናበቱት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በትንሹ እንደገና ሞክሩት። ደግሞም አዲስ ምግብ ስትሞክሩ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ይሁን። ሁለት ቀላቅላችሁ ሆዳችሁ ቢረበሽ ጥፋተኛውን አታውቁትም።

ጣፋጭ ሲቆጣ

በተለይ ባይፓስ የተሠራላቸው ሰዎች ስኳር የበዛበት ነገር ሲበሉ ዳምፒንግ የሚባል ነገር ይመጣባቸዋል። ምግቡ ሳይፈጭ ወደ አንጀት ይወርድና አንጀቱ ውሃ ይስብበታል። ከበሉ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሆድ ይቆርጣል፣ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ተቅማጥም ሊከተል ይችላል። ሌላው ዓይነት ዘግይቶ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት በኋላ የሚመጣ ነው፤ የደም ስኳር ዝቅ ይልና እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያዞራል። ሲይዛችሁ ጋደም በሉ። ከዚያ የበላችሁትን ጻፉ። ጭማቂ፣ ኬክ፣ አይስክሬም አብዛኛውን ጊዜ ዝርዝሩ ላይ ይገኛሉ። የዘገየው ዓይነት ከተደጋገመ ለሐኪም ንገሩ።

መድኃኒትና ቫይታሚን

ቫይታሚኑ ዕድሜ ልክ ነው። ይህን ሰምተው የሚያዝኑ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ከዚህ በላይ ቀላል ግዴታ የለም እላለሁ። መልቲቫይታሚን፣ ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ፣ ካልሲየም፣ ለብዙዎች ደግሞ አይረን። ካልሲየም ሲትሬት የሚባለው ዓይነት ይመረጣል፣ የጨጓራ አሲድ ቢያንስም ይመጠጣልና። በቀን ከ1200 እስከ 1500 ሚሊ ግራም ይወሰዳል፤ በአንድ ጊዜ ግን ከ500 ወይም 600 በላይ አይመጠጥም፣ ስለዚህ ከፋፍሉት። ካልሲየምና አይረን አይስማሙም፣ በሁለት ሰዓት አራርቋቸው። የደም ምርመራ በሦስተኛ፣ በስድስተኛና በአሥራ ሁለተኛ ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ አድርጉ።

የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ መጠኑ በቀናት ውስጥ ሊቀየር ይችላል። ኢንሱሊን በድሮው መጠን መወጋት አደገኛ ነው፤ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል። ሳትጠይቁ ከሆስፒታል አትውጡ። ለራስ ምታትም ሆነ ለወገብ እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉትን አትዋጡ፤ በተለይ ከባይፓስ በኋላ ከረጢቷና አንጀቱ የተገናኙበት ቦታ ላይ ቁስለት ያመጣሉ። ሲጋራም እንዲሁ። ፓራሲታሞል ይሻላል። አልኮል ደግሞ በትንሹ፣ በፍጥነት ያሰክራል፤ ለሱስም በር ይከፍታል።

የዓይን ረሃብ

ሆድ ሞልቶ ዓይን ሳይጠግብ ሲቀር የምናውቀው ነገር ነው። ከዚህ ቀዶ ጥገና በኋላ ጎላ ብሎ ይመጣል። ሆዱ ምንም አይልም፣ ልቡ ግን የጥብስ ሽታ ሲሸተው ይዋልላል። ረሃብ ቀስ እያለ ይመጣል፣ ያገኘውንም ይበላል። አምሮት ድንገት ይመጣል፣ የሚፈልገውም አንድ ነገር ብቻ ነው። ሲመጣ ውሃ ጠጡ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቁ፣ ከቤት ወጣ በሉ። አንዳንዶች በምግብ ይጽናኑ ነበርና አሁን የሐዘን ያህል ይከብዳቸዋል። ይህ ድክመት አይደለም። ለሚቀርባችሁ ሰው ንገሩ፣ ከከበደም ባለሙያ አማክሩ።

ቺፕስና ብስኩት እንደ ቀላል አትዩአቸው። አፍ ውስጥ ሟምተው ስለሚወርዱ ጨጓራው አይይዛቸውም፤ ሳይሞላ ብዙ ይገባል። ክብደት ተመልሶ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በዚህ በር ነው።

ሚዛኑ ደግሞ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት አካባቢ ድርቅ ሊል ይችላል። ምንም ሳታጠፉ። ሰውነት እየተስተካከለ ነው፣ ተመልሶ ይወርዳል። በየቀኑ አትመዘኑ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። ከሦስተኛው ወር በኋላ ፀጉር መርገፉም የተለመደ ነው፤ ፕሮቲኑና አይረኑ ካልጎደለ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

ሴቶች ክብደት ሲቀንስ ማርገዝ ሊቀላቸው ይችላል። እርግዝናን ግን ከ12 እስከ 18 ወር ማቆየት ይመከራል። ከባይፓስ በኋላ የሚዋጠው የወሊድ መከላከያ እንክብል በደንብ ላይመጠጥ ስለሚችል ስለ ሌላ መከላከያ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ የምትሄዱበት

ትኩሳት ከ38 ዲግሪ ካለፈ፣ የልብ ምት በእረፍት ላይ እያላችሁ በደቂቃ ከ120 ከበለጠ፣ የሆድ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ወይም ትከሻ ላይ ከተሰማ፣ ስፌቱ ማፍሰሱ ሊሆን ይችላል። ትንፋሽ ካጠረ ወይም አንድ ባት አብጦ ካመመ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ሰገራ ጥቁር ከሆነ ወይም ውሃ እንኳ አልረጋ ካለም አትጠብቁ። ማስመለሱ ለቀናት ከቀጠለ ሰውነት ቫይታሚን ቢ1 ያጣል፤ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ ሲሄዱ መንገዳገድና ግራ መጋባት ከመጣ በዚያው ሰዓት ሂዱ። ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ከምግብ በኋላ የሚጨብጥ ሕመም ደግሞ የሐሞት ጠጠር ሊሆን ይችላል፤ በፍጥነት ሲከሳ የሚመጣ ነው።

ለአስታማሚዎችም አንድ ነገር ልበል። “እስቲ ትንሽ ጨምሪ፣ ምን በላሽና” አትበሉ። እኔ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ፍቅር ነበር፣ ግን አቅሟን ነው የተጋፋሁት። አሁን አብረን ስንበላ እህቴ ማንኪያዋን ስታስቀምጥ እኔም የእኔን አስቀምጣለሁ። ከዚያ ወሬያችንን እንቀጥላለን።