ቫልሃይምን ጨርሳችሁ ለሰለቻችሁ

ቫልሃይም የተባለውን የኮምፒውተር ጌም አንዴ የጨረሰ ሰው አዲስ ዓለም ይከፍታል፣ ሁለት ምሽት ይጫወታል፣ ይተወዋል። አይገርመኝም። መጀመሪያ ላይ ልባችንን ያንጠለጠለው አለማወቃችን ነበር። አሁን ትሮሉ፣ ያ ግዙፍ የጫካ ጭራቅ፣ በየት በኩል እንደሚመጣ እናውቃለን። ስለዚህ ካርታ መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ የለመዳችሁትን አቋራጭ ዝጉት።

መጀመሪያ አዲስ ገጸ ባሕሪ ፍጠሩ። ጌሙ አሮጌውን ከነዕቃው ወደ ሌላ ዓለም ይዛችሁ እንድትገቡ ይፈቅዳል። ይፍቀድ፣ እናንተ እንዳታደርጉት። የብረት ሰይፍ ታጥቆ የጫካ አሳማ ማሳደድ ምን ጣዕም አለው?

ቀጥሎ ዓለሙን ስትከፍቱ የጌሙን ሕጎች ወደምትቀይሩበት ወደ ወርልድ ሞዲፋየርስ ግቡ። ከ2023 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ብዙ ሰው እዚያ ሲገባ ውጊያውን ያከብዳል። እኔ አልነካውም፤ ያው ጠላት ነው፣ ይበልጥ ይመታል፣ ለመሞትም ይቆያል። የምነካው ፖርታልን፣ ማለትም ከቦታ ቦታ በቅጽበት የሚያሻግረውን በር፣ እና ካርታን ነው።

ፖርታሉ ላይ ትንሽ ልቆይ። በመደበኛው ሕግ መዳብ፣ ቆርቆሮና ብረት በተለመደው የእንጨት ፖርታል አያልፉም፤ ጥሬውም ሆነ የቀለጠው። ይህ ያናደደው ሰው ሁሉ ሕጉን ያላላዋል። በእኔ እምነት ግን ጌሙን ያቆየው ይኸው ክልከላ ነው። ብረት ያለው ረግረጉ ውስጥ፣ የሰመጡት መቃብር ቤቶች ውስጥ ነው። ቤታችሁ ደግሞ ባሕር ማዶ። ካርቭ የምትባለዋ ጀልባ አራት የዕቃ ቦታ ብቻ ነው ያላት፣ በእያንዳንዱ 30 ቁራጭ ብረት ይገባል። ነፋሱ ከፊት ከመጣ ሸራው ዋጋ የለውም፣ መቅዘፍ ነው። መሐል ባሕር ላይ ከመሸባችሁና ዘንዶው ከኋላ ብቅ ካለ አንዱ መሪውን ይዞ ሌላው ቀስት ይወጥራል። እኛ ጋ መሪ የሚይዘው ልጅ ያኔ ድምፁን ያጠፋል፤ እንደፈራ የምናውቀው በዚያ ነው።

ወይ ደግሞ ማቅለጫውንና አንጥረኛ ቤቱን እዚያው ረግረጉ ዳር ትተክላላችሁ። ምክንያቱም ያለቀለት ሰይፍና ጥሩር በፖርታል ያልፋል። ግን አልቅት፣ መርዝና አጽም በር ላይ ናቸው፣ አጥር ይፈልጋል። የትኛው ያዋጣል? የሚወስነው የባሕሩ ዳርቻ ነው፣ እሱ ደግሞ በየሲዱ፣ ማለትም ዓለሙ በሚፈጠርበት ኮድ፣ ይለያያል። በአንዱ ዓለም ወደብ ትሠራላችሁ፣ በሌላው ምሽግ።

ይህም ከቀለላችሁ እዚያው ወርልድ ሞዲፋየርስ ውስጥ ኢመርሲቭ የሚለውን ምረጡ። ፖርታልም ካርታም የለም። ያኔ በየዳርቻው ችቦ አቁሙ፣ በየመንገዱ መገንጠያ ሰሌዳ ትከሉ። እኛ ሰሌዳው ላይ አማርኛውን በላቲን ፊደል እንጽፋለን፣ ግማሹ ስድብ ነው፣ ግን መንገድ ያሳያል። ብቻችሁን የምትጫወቱ ከሆነ ግን ይህን አልመክርም። መጥፋት አብሮ የሚጠፋ ሰው ሲኖር ነው የሚያስቀው።

እስከ 10 ሰው አብሮ መጫወት ይቻላል፣ ለእኔ አራት በቂ ነው። ለብቻው የቆመ ሰርቨር ከሌላችሁ፣ ዓለሙን ከራሱ ኮምፒውተር የሚከፍተው ሰው ከሌለ ማንም አይገባም። ስለዚህ አስተናጋጁን በችሎታው ሳይሆን በሰፈሩ ምረጡ፤ መብራት እምብዛም የማይጠፋበት ይሁን።

ማይንክራፍት በሚባለው ጌም ላይ ምክሬ ይገለበጣል። አዲስ ዝመና በወጣ ቁጥር አዲስ ዓለም አትክፈቱ። ዓለማችሁ የተቀመጠበትን የሴቩን ፎልደር ኮፒ አድርጉና ከአሮጌው ቤታችሁ ተነስታችሁ ረግጣችሁ ወደማታውቁት አቅጣጫ ሂዱ። ያልተዳሰሰው መሬት በአዲሱ ሕግ ነው የሚፈጠረው።

የባሕር ውስጥ ጌም የሆነውን ሰብኖቲካን ግን በዚህ መንገድ አታድኑትም። ካርታው በእጅ የተሠራ ነው፣ ሁሌም ያው ነው። አንዴ ተጫወቱት፣ ከዚያ ዋሻዎቹ የት እንዳሉ እስክትረሱ ድረስ አጥፉት። እኔ እስካሁን አልረሳሁም።