ሉዊስ ስትራክቸር ስትሰሩ ከመሳላችሁ በፊት ቁጠሩ

ሉዊስ ስትራክቸር ላይ፣ ማለትም የሞለኪውልን ኤሌክትሮኖች በነጥብና በመስመር በሚያሳየው ስዕል ላይ፣ ተማሪን የሚጥለው ኬሚስትሪው ሳይሆን ሳይቆጥሩ መሳል ነው። እርሳስ አንስቶ ነጥብ መደርደር ይጀምራል፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ኤሌክትሮን ይተርፈዋል ወይ ይጎድለዋል፣ ከዛ ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ ላጲስ ነው።

የምትቆጥሩት የውጪኛውን ሼል ብቻ ነው፣ ቫለንስ ኤሌክትሮን የሚባሉትን። ሃይድሮጅን 1፣ ካርቦን 4፣ ናይትሮጅን 5፣ ኦክስጅን 6። ካርቦን ዳይኦክሳይድን እንሞክር። ካርቦኑ 4፣ ሁለቱ ኦክስጅኖች 12፣ ድምሩ 16። ይህን ቁጥር ጥግ ላይ ጽፋችሁ አክብቡት፤ በእጃችሁ ያለው ብር ይሄው ነው።

ካርቦኑን መሃል አድርጉና ከሁለቱ ኦክስጅኖች ጋር በአንድ አንድ መስመር አገናኙት። ጊልበርት ሉዊስ በ1916 እ.ኤ.አ. እንዳለው ቦንድ ማለት ሁለት አተሞች የሚጋሩት ጥንድ ኤሌክትሮን ነው፣ ስለዚህ 4 ወጣ፣ 12 ቀረ። የቀረውን መጀመሪያ ለዳሮቹ ስጡ፣ ለእያንዳንዱ ኦክስጅን 6 ነጥብ። አለቀ።

አሁን ካርቦኑን እዩት። ዙሪያው 4 ብቻ ነው፣ የውጪኛው ሼሉ እንዲሞላ 8 ይፈልጋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ አዝኖለት 4 ነጥብ ይጨምርለታል። እንዳታደርጉት፣ 16ቱ አልቋል! ከየኦክስጅኑ አንድ ጥንድ ነጥብ አንሱና ወደ መስመር ቀይሩት። በግራ ሁለት መስመር፣ በቀኝ ሁለት መስመር፣ በየኦክስጅኑ ላይ 4 ነጥብ። ደግማችሁ ቁጠሩ፣ 16 ይመጣል።

ሁለቱንም ጥንድ ከአንዱ ኦክስጅን ብቻ ብወስድስ? ይሄ በጣም የምወደው ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም በአንድ በኩል ሦስት መስመር በሌላው አንድ ቢሆንም ድምሩ ያው 16 ነው፣ ሁሉም 8 ይሞላለታል። የሚለየው ፎርማል ቻርጅ ነው፣ በስዕሉ ላይ ለእያንዳንዱ አተም የሚደርሰው ቻርጅ። ከአተሙ ቫለንስ ኤሌክትሮን ላይ ነጥቦቹንም መስመሮቹንም ቀንሱ። ባለ ሦስት መስመሩ ኦክስጅን 2 ነጥብ ስለሚቀረው፣ 6 ሲቀነስ 2 ሲቀነስ 3፣ ፕላስ 1 ይሆናል። ሌላኛው ማይነስ 1። በመጀመሪያው ስዕል ግን ሁሉም ዜሮ ነው፣ ስለዚህ እሱን ያዙ።

አዮን፣ ማለትም ቻርጅ ያለው ከሆነ ተጠንቀቁ። አሞኒየም ላይ ፕላስ ስላዩ 1 የሚደምሩ ብዙ ናቸው። ፕላስ ማለት ኤሌክትሮን አጥቷል ማለት ነው፤ ናይትሮጅኑ 5፣ አራቱ ሃይድሮጅኖች 4፣ ድምሩ 9፣ አንድ ሲቀነስ 8። ናይትሬት ደግሞ ማይነስ ስለሆነ ይጨመርለታል፣ ናይትሮጅኑ 5፣ ሦስቱ ኦክስጅኖች 18፣ አንድ ሲደመር 24። ስትጨርሱ ስዕሉን በማዕዘን ቅንፍ ክበቡና ቻርጁን ከላይ በቀኝ በኩል ጻፉ።