ከክርስትናው በኋላስ? ነፍሰ ጡርና አራስ እናቶችን ከሱስ አደጋ የሚጠብቅ የሰፈር ፈንድ እንዴት ይቋቋማል

ባሕር ዳር ላይ ሴት ስትወልድ ቤቱ በሰው ይሞላል። ጎረቤት ገንፎ ይዞ ይመጣል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል፣ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትናው ይደገሳል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም አቂቃውን ያወጣሉ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደየጉዳዩ ይበተናል። እናትየው ከመጠጥ፣ ከጫት ወይም ከህመም ማስታገሻ ክኒን ጋር የምትታገል ከሆነች፣ ከባዱ ጊዜ የሚጀምረው ያኔ ነው።

ማሳቹሴትስ፣ አሜሪካ ውስጥ የኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊንና ሄሮይን ያሉ፣ ሕመም የሚያስታግሱ ግን ሱስ የሚያስይዙ መድኃኒቶች) ሱስ ባለባቸው እናቶች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ይህንኑ ያሳያል። መድኃኒቱን ከመጠን በላይ በመውሰድ የሚመጣው አደጋ በእርግዝናው የመጨረሻ ሦስት ወራት ዝቅ ይላል። ከወለዱ ከ7 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይሆናል። አንዱ ምክንያት የታወቀ ነው። ለልጇ ስትል ያቆመች ሴት ሰውነቷ የለመደውን ይረሳል። እንቅልፍ ማጣቱና ጭንቀቱ ሲበረታባት ወደ ቀድሞው መጠን ከተመለሰች፣ ያኔ የቻለችው መጠን አሁን ትንፋሿን ሊያቆመው ይችላል።

የእኛ ሰፈር ችግር መልኩ ሌላ ነው። እዚህ የምናየው አረቄው፣ ጫቱና ከጫቱ በኋላ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው ጨብሲ ነው። ከኦፒዮይድ ወገን የሆነው የህመም ማስታገሻ ክኒን፣ ትራማዶልም አለ። ፈንድ ስናቋቁም ግን ከዚያ ጥናት አንድ ነገር እንውሰድ፦ ገንዘቡ ለወሊድ ቀን ብቻ ሳይሆን ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው የሚቆይ ይሁን።

1. እድራችሁን አሳምኑ

አዲስ ማህበር ለማቋቋም አትቸኩሉ። እድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ከሁሉም በላይ ሰው ያምነዋል። በስብሰባው ላይ «እድር ለቀብር ነው፣ ይሄ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው፦ ድንኳን ከመትከል የመኪና መክፈል ይሻላል። ሐሳቡን ከወንዶቹ በፊት ለሴት አባላቱ ንገሯቸው። የትኛዋ እናት እንደተቸገረች ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ከሕግ አንጻር ልብ በሉ። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርና እቁብን አይመለከትም። ስለዚህ ለመዋጮው በዚያ አዋጅ መመዝገብ አያስፈልጋችሁም። ከውጭ ለጋሽ ገንዘብ ማግኘት ከፈለጋችሁ ግን፣ በእናቶች ጤና ላይ ከሚሠራ የተመዘገበ ድርጅት ጋር በጽሑፍ ተስማሙና ገንዘቡ በእሱ በኩል ይምጣ።

2. ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል ቀድማችሁ ወስኑ

በመንግሥት ጤና ተቋማት የእርግዝና ክትትል፣ የማዋለድና የድህረ ወሊድ አገልግሎት በነጻ ነው። ስለዚህ ለዚህ በጀት አትያዙ። ገንዘብ የሚያስፈልገው መሐል ላይ ለሚቀሩት ነገሮች ነው።

ዋናው መጓጓዣ ነው። ሰፈር ውስጥ ከሚያድሩ የባጃጅ ሹፌሮች ከሁለቱ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የሌሊቱ ሒሳብ ስንት እንደሆነ ይወሰን፣ ክፍያውም በማግስቱ ከእድሩ እንደሚሰጣቸው ይወቁ። ያኔ በውድቅት ሌሊት ስልክ ሲደወል ድርድር የለም። ለዘጌና ለጣና ሐይቅ ደሴቶች ነዋሪዎች ደግሞ ጀልባ ነው። ሐይቁ ማዕበል ሲኖረው ማን እንደሚወጣ፣ ነዳጁን ማን እንደሚከፍል ካሁኑ ስምምነት ያዙ።

ቀጥሎ ልጅ ጠባቂ ይመጣል። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ሕክምና ቀጠሮ ያላት እናት፣ ታላላቆቹን ልጆች የምትተውበት ካጣች ቀጠሮዋን ትተወዋለች። ለግማሽ ቀን ልጅ ለምትይዝላት ጎረቤት የሚሰጥ ትንሽ ብር ትልቅ ሥራ ይሠራል። ከውጭ የሚገዛ መድኃኒትና ምርመራ፣ መክፈል ላልቻለ ቤተሰብም የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ ይታከሉበት።

ለእናትየው ጥሬ ገንዘብ በእጇ ባይሰጥ እመርጣለሁ። እሷን ሳናምን ቀርተን አይደለም። ቤት ውስጥ የሚጠጣ ወይም የሚቅም ሌላ ሰው ካለ፣ ብሩን ከእጇ የሚወስደው እሱ ነው።

3. መዋጮውን አስሉ

ለምሳሌ 200 አባላት ያሉት እድር በአባል በወር 10 ብር ቢጨምር በወር 2,000፣ በዓመት 24,000 ብር ይሆናል። ሁሉንም አይሸፍንም፤ ለመነሻ ግን ይበቃል። ከከተማው ነጋዴዎችና በውጭ ካሉ የሰፈር ልጆች ተጨማሪ ስትጠይቁ ይህን መዋጮ አሳዩዋቸው። ራሱ ላወጣ ሰው እጅ ይዘረጋል።

4. አያያዙን አጥብቁ

የባንክ ሒሳቡ ከእድሩ የቀብር ሒሳብ የተለየ ይሁን። ሦስት ፈራሚዎች ይኑሩት፣ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። ለድንገተኛ የሚሆን ጥቂት ብር በአንድ ኃላፊ ስልክ ቴሌብር ላይ ይቀመጥ። ባንክ እስኪከፈት ምጥም ሕመምም አይጠብቅም።

5. ምስጢር

ይህን ክፍል ደግማችሁ አንብቡት። ሐሜት ከገባ ፈንዱ አለቀለት። «እሷ እኮ ጠጪ ናት» ከተባለች፣ ሌላዋ ብትሞትም አትናገርም።

መዝገቡ ላይ ስም አይጻፍ። ለእያንዳንዷ እናት ቁጥር ይሰጥ፤ ለምሳሌ «ቁጥር 7፣ ባጃጅ፣ ደርሶ መልስ» ብቻ። ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚያውቁት ሁለት ሴቶች ይሁኑ፣ ከተቻለ አንዷ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ። ፈንዱም «የሱሰኞች» ተብሎ አይጠራ። «የአራስ መረዳጃ» በሉትና ያለ ሱስ ችግር የተቸገረችም እንድትጠቀምበት ክፍት ይሁን። ያኔ ማን ለምን እንደመጣች አይታወቅም።

6. እርዳታውን የሚሰጡት ይሠልጥኑ

ጤና ጣቢያችሁን ለግማሽ ቀን ሥልጠና ጠይቁ። ቢያንስ እነዚህ ይታወቁ፦

በድንገት «አቁሚ!» አይባልም። ኦፒዮይድ የለመደች ነፍሰ ጡር በአንድ ጊዜ ብታቆም ያለጊዜው ምጥ ሊመጣባት ይችላል። ብዙ የምትጠጣ ሴት በአንዴ ስታቆም ሊያንቀጠቅጣትና ራሷን ሊያስታት ይችላል። የሚቀነሰው በሐኪም ክትትል ነው። ትራማዶል ለምታጠባ እናት አይመከርም፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 በግልጽ አስጠንቅቋል፣ ሕፃኑ ላይ የመተንፈስ ችግር ያመጣልና።

ስትጠራ ካልነቃች፣ ትንፋሿ ከዘገየ ወይም ካንኮራፋ፣ ከንፈሯ ከጠቆረ ጊዜ የለም። አንዱ ለአምቡላንስና ለባጃጁ ይደውል። ሌላው የምትተነፍስ ከሆነ በግራ ጎኗ ያስተኛት፣ ትንፋሿ ከቆመ በሥልጠናው የተማረውን የትንፋሽ እርዳታ ይስጣት። ውኃ ወይም ወተት በአፏ አይፈስስ። የወሰደችው ክኒን ባዶ ሽፋን አብሮ ይሂድ። የኦፒዮይድን አደጋ የሚቀለብሰው ናሎክሶን የሚባለው መድኃኒት ነው። ለነፍሰ ጡርም ሕይወቷን ለማትረፍ ይሰጣል። በአቅራቢያችሁ የት እንደሚገኝ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ጻፉት።

የንስሐ አባቶችንም አትርሷቸው። ቤት ይገባሉ፣ ምስጢር ይይዛሉ። ጠበል የምትሄደዋን እናት «መድኃኒትሽንም አትተይ» ቢሏት ከማናችንም በላይ ትሰማቸዋለች።

7. ከክርስትናው በኋላ በየወሩ

ሁለቱ ሴቶች ልጁ ዓመት እስኪሞላው በወር አንዴ ቡና ይዘው ይሂዱ። መጠየቅ ያለበት እንቅልፏ፣ ምግቧ፣ ቀጠሮዋ ነው። ስለ መጠጡ ራሷ እስክታነሣ ጠብቁ። ካነሣች ደግሞ ሳትቆጡ ስሟት፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ አብራችሁ ያዙላት፣ ባጃጁንም እዚያው ሆናችሁ ደውሉለት።

በየሦስት ወሩ ለእድሩ ጉባኤ የሚቀርበው ሪፖርት አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለመጓጓዣ ስንት፣ ለሕክምና ስንት። ስም የሚጠይቅ አባል ቢነሣ፣ ዳኛው እንዲያስቆመው ከመጀመሪያው በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ይስፈር።