የሴሊያክ ምርመራ እስኪደርስ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሴሊያክ በስንዴ፣ በገብስና በራይ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ሲበላ የትንሹን አንጀት ግድግዳ የሚጎዳ በሽታ ነው። ሁሉንም ነገር የሚያበላሸው ከምርመራው በፊት ግሉተን ማቆም ነው። ሆዱ የተነፋና ተቅማጥ ያሰቃየው ሰው ስንዴ፣ ገብስና ራይ ለመተው ቢቸኩል አይፈረድበትም። ይሁንና የተለመደው የደም ምርመራ፣ ቲቲጂ-አይጂኤ፣ የሚፈልገው ሰውነት ግሉተን ሲገባ የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ግሉተኑ ሲቋረጥ መጠኑ ይወርዳል፤ የትንሹ አንጀት ግድግዳም ማገገም ይጀምራል። ያኔ በሽታው እያለ ውጤቱ ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል። ደም ሰጥቶ ወዲያው ማቆምም ያው ነው፤ ባዮፕሲ (ከትንሹ አንጀት ናሙና ወስዶ መመርመር) ከታዘዘ እሱም እስኪያልቅ ይጠብቁ።

አስቀድመው አቁመው ከሆነ ይህን ለሐኪም ሳይናገሩ አይመርመሩ። ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ለ6 ሳምንት፣ በየቀኑ ከአንድ በላይ በሆነ ገበታ ግሉተን መብላት ይጠየቃል። ብዙ መብላት አያስፈልግም፤ በቀን ሁለት ቁራጭ የስንዴ ዳቦ ያህል፣ ጠዋትና ማታ ተከፍሎ። ይህንንም መቋቋም ካቃተ የዘር ምርመራውን ይጠይቁ፤ እሱ ከምግብ ጋር አይያያዝም። ዲኪው2 እና ዲኪው8 የተባሉት ከበሽታው ጋር የሚያያዙ ዘረ-መሎች ከሌሉ ሴሊያክ የመሆን ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው። መገኘታቸው ግን ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ብዙ ጤነኛ ሰዎችም አላቸው።

ሁሉንም ምግብ በአንድ ጊዜ መከልከል ሌላው ስህተት ነው። ሕመሙ የተሻለው በየትኛው ምግብ መቅረት እንደሆነ አይታወቅም። ወተት ግን ለጊዜው ቢቀነስ አይጎዳም፤ የተጎዳ አንጀት የወተትን ስኳር የሚፈጨውን ኢንዛይም በደንብ አያመርትምና።

ለተቅማጡ ሎፐራማይድ ሊያስታግስ ይችላል፤ ደም ወይም ትኩሳት ካለ ግን አይወሰድም። የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ሲበጠብጡ ውሃውን ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ ይለኩ፤ ውሃ ሲያንስ ጨውና ስኳሩ ይበዛል፣ ተቅማጡንም ያባብሳል። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ፤ ውጤቱን ሊሸፍን ይችላል። በራስ ፈቃድ ግን አይቋረጥም።

ደም ሳይመረመር የብረት እንክብል መጀመርም አይመከርም። ደም ማነስ ለሐኪሙ ጠቃሚ ፍንጭ ነው፤ እንክብሉ ደግሞ ሰገራን ስለሚያጠቁር ከአንጀት መድማት ጋር ያደናግራል።

አይጂኤ የተባለው የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት በጠቅላላ በደም ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ ሳይለካ ኔጌቲቭ ውጤትን ማመን በጣም የተለመደ ነው። ከሴሊያክ ታማሚዎች ከ100 ወደ 2 ወይም 3 የሚሆኑት ይህ ፀረ እንግዳ አካል ይጎድላቸዋል፤ ለእነሱ አይጂጂ በተባለው ሌላ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ላይ የተመሠረተ ምርመራ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም፣ ሰገራ ላይ ደም፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም ክብደት መቀነስ ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ።