ፕሮግራሙ እስኪከፈት በግምት አትጠብቁ
በአውቶሆትኪ (AutoHotkey፦ በዊንዶውስ ላይ ተደጋጋሚ ሥራዎችን በራሱ የሚያከናውን መሣሪያ) ስክሪፕት፣ ማለትም በተጻፉ ትእዛዞች ዝርዝር፣ ፕሮግራም ስትከፍቱ «ረን» (Run) የተባለው ትእዛዝ ፕሮግራሙን አስነስቶ ወዲያውኑ ወደ ቀጣዩ መስመር እንደሚያልፍ አስታውሱ። መስኮቱ ገና ሳይከፈት ስክሪፕቱ መጻፍ ይጀምርና ጽሑፉ ሌላ መስኮት ላይ ያርፋል፤ ያ ደግሞ ለሰው ልትልኩት ያዘጋጃችሁት መልእክት ሊሆን ይችላል! ብዙዎች መፍትሔ ብለው የ5 ሰከንድ እረፍት ያስገባሉ። እኔ ይህን ፈጽሞ አልመክርም፤ ኮምፒውተሩ ሥራ ሲበዛበት አይበቃም፣ ሲቀለው ደግሞ በከንቱ ያስጠብቃል። ይልቅ ከ«ረን» ቀጥሎ መስኮቱ እስኪመጣ የሚጠብቀውን «ዊንዌይት»ን (WinWait) ከመስኮቱ ርእስና ከጊዜ ገደብ ጋር ጻፉ፤ መስኮቱ ሲመጣ በ«ዊንአክቲቬት» (WinActivate) ወደ ፊት አምጡት። «ረንዌይት» (RunWait) ግን ሌላ ነው፦ የሚጠብቀው ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ነው። ፋይል ለመክፈት ደግሞ ሙሉ አድራሻውን ለ«ረን» መስጠት ይበቃል፤ ዊንዶውስ ለዚያ ዓይነት ፋይል በተመደበው ፕሮግራም ይከፍተዋል።