ለጡት ካንሰር ታማሚዎች የፋርማሲስት ክትትል እንዴት ይጀመራል?

ደሴ ውስጥ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) በሚሰጥበት ክፍል የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። የጡት ካንሰር ታማሚዎችን የመከታተሉን ሥራ በየሆስፒታላቸው ለመጀመር የሚያስቡ የወሎ ባልደረቦቼ ቀድመው የሚያነሡልኝ የክፍል፣ የበጀትና የኮምፒውተር ጉዳይ ነው። እኔ የምለው ከመድኃኒት ማደያው መስኮት ኋላ ውጡ ነው። ለመነሻ ከታማሚዋ አልጋ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ወንበር፣ አንድ ጠንካራ መዝገብና የነርሶች ኃላፊ ፈቃደኝነት ይበቃሉ።

ቀዳሚው ሥራ ታማሚዋ የምትወስደውን ሁሉ ማወቅ ነው። በቃል ብቻ አትጠይቁ፤ ቤት ያለውን በሙሉ በፌስታል ይዛ እንድትመጣ ንገሯት። ከወሎ ቦረና የመጡ አንዲት እናት ፌስታላቸውን አልጋው ላይ ሲዘረግፉት የደም ግፊት ክኒን፣ የሕመም ማስታገሻ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ጥቁር አዝሙድና ማሸጊያው የተቀደደ ካፕሱል ወጣ። «አብሽሪ ልጄ፣ ይሄ እንኳን ለጭንቀት የሰጡኝ ነው» አሉኝ። ፍሉኦክሰቲን ነበር። እሳቸው ደግሞ ለጡት ካንሰር የሚታዘዘውን ክኒን፣ ታሞክሲፈንን፣ ይወስዳሉ። ታሞክሲፈን በደንብ እንዲሠራ ጉበት ውስጥ መለወጥ አለበት፤ ፍሉኦክሰቲን ይህን የሚሠራውን ኢንዛይም ያግዳል። በራሳቸው እንዳያቋርጡት ነግሬ ለሐኪሙ ጻፍኩ፤ ፍሉኦክሰቲኑ በሌላ ተተካ። ስለ ጥቁር አዝሙዱም መዝግቡ እንጂ አትቆጡ። ከተቆጣችሁ በሚቀጥለው ቀጠሮ ቤት ይቀራል፤ እናንተም ሳታውቁት ይወሰዳል።

ቀጥሎ የኬሞውን መጠን እንደገና አስሉ። ክብደትን በየኬሞው ዙር ለኩ፤ የደሴ ብርድ ያስለበሰው ጋቢና ጫማ ይውለቅ። መጠኑ የሚታዘዘው በሰውነት ስፋት ነው፤ ስፋቱን ለማግኘት ቁመት በሴንቲ ሜትር በክብደት በኪሎ ይባዛል፣ ለ3600 ይካፈላል፣ ከዚያ ካሬ ሥሩ ይወሰዳል። 160 ሴንቲ ሜትርና 50 ኪሎ የሆነች ሴት 1.49 ካሬ ሜትር አካባቢ ይወጣላታል፤ ዶክሶሩቢሲን የተባለው የኬሞ መድኃኒት በካሬ ሜትር 60 ሚሊ ግራም ከታዘዘ 89 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። የዶክሶሩቢሲንን ድምር በመዝገቡ ላይ ለብቻው ያዙ። አራት ዙር በካሬ ሜትር 240 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ድምሩ ወደ 450 ሲጠጋ ለልብ ያሰጋል። ስለዚህ ቀደም ሲል ሌላ ከተማ ታክማ እንደሆነ ጠይቁ። ኬሞው ከመዘጋጀቱ በፊት የዕለቱን የደም ምርመራ በዓይናችሁ እዩ፤ ኒውትሮፊል (ኢንፌክሽን የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል) ከ1500 በታች ከሆነ ወደ ዝግጅት ሳትገቡ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ።

የምክሩን ጊዜ አታሳጥሩ። ዶክሶሩቢሲን ሽንትን እንደሚያቀላ አስቀድሞ ያልተነገራት ሴት ደም መስሏት ትደነግጣለች። ከሁሉ በላይ የማስጨንቀው ግን ትኩሳት ነው። ከደሴ ርቃ መካነ ሰላም ወይም ለጋምቦ ላለች ሴት «ወደ ደሴ ተመለሺ» ማለት ብቻውን አይጠቅማትም። በትንሽ ካርድ ላይ «ይህች ታማሚ ኬሞ ላይ ናት፤ ትኩሳቷ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ድንገተኛ ነው፤ አንቲባዮቲክ ሳይዘገይ ይጀመርላት» ብላችሁ፣ የመጨረሻውን ኬሞ ቀንና የክፍሉን ስልክ ጨምራችሁ ስጧት። ለአቅራቢያዋ ጤና ጣቢያ ታሳየዋለች። ትኩሳቱን በፓራሲታሞል አብርዳ እንዳትቀመጥ ለአስታማሚዋም ንገሩ።

ታሞክሲፈን ለሚወስዱ ሴቶች ክትትሉ ረጅም ነው፤ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይዘልቃል። በቀን የሚታዘዘው 20 ሚሊ ግራም ሆኖ ክምችት ውስጥ የቀረው ባለ 10 ብቻ ሲሆን ሁለት ፍሬ መዋጥ እንዳለባት እያሳያችሁ ንገሯት፤ መልሳ ትንገራችሁ። አንድ እግር ማበጥ፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም ያልተለመደ የማህፀን ደም ከታየ ሳትውል ሳታድር ትምጣ። እርግዝና እንዳይኖርም አስቀድሞ ይነሣ፤ ብዙዎች አፍረው አይጠይቁም።

በወሎ ጾምን ሳያነሡ ምክር መስጠት አይቻልም። ታሞክሲፈን በቀን አንዴ ስለሚወሰድ በረመዳን ኢፍጣር ወይም ሱሁር ላይ ይመቻል፤ ምግብም ስለማይፈልግ በዐቢይ ጾም ችግር የለውም። ሳይክሎፎስፋሚድ የተባለው የኬሞ መድኃኒት ግን ፊኛን ስለሚጎዳ ብዙ ውኃ ይፈልጋል። ስለዚህ ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት ከራሷ፣ ካስፈለገም ከሼሁ ወይም ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋገሩ።

ለሐኪሙ የምትጽፉት ማስታወሻ አጭር ይሁን፤ ችግሩ፣ የምታቀርቡት መፍትሔ፣ ስምና ፊርማ። በመዝገባችሁ ላይ ሐሳቡ ተቀባይነት ማግኘቱንና ታማሚዋ ምን እንደሆነች ጨምሩበት። ወሩ ሲያልቅ ያንን ገጽ ይዛችሁ ወደ ሜዲካል ዳይሬክተሩ ግቡ፤ ክፍልና ተጨማሪ ሰው የሚጠየቀው ያን ጊዜ ነው።