12 ቮልት አይዝም እያላችሁ የምታቃጥሉት ዕቃ

መብራት ሲጠፋ ዋይፋይ እንዳይቋረጥ ብሎ ራውተሩን ባትሪ ላይ የሚያስር ሰው በዝቷል። ደስ ይላል። ግን "12 ቮልት እኮ አይዝም" የምትለው ነገር ጉድ እየሠራችን ነው። ሰው አይዝም፣ እውነት ነው። ቤት ግን ያቃጥላል።

በጣም የሰለቸኝን ላስቀድም። ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ (የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር) ታስሮ 24 ቮልት ኢንቨርተር፣ የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጠውን ዕቃ፣ ያንቀሳቅሳል። ራውተሩ የሚፈልገው ደግሞ 12 ነው። ታዲያ ምን ይደረጋል? ከአንደኛው ባትሪ ብቻ 12 ይቀዳል! ይሠራልም፤ ችግሩ መሥራቱ ነው። እምቢ ቢል ኖሮ ሰው ትጠይቁ ነበር። አንድ ባለሱቅ "ባትሪው ፎርጅድ ነው መሰለኝ፣ ዓመት እንኳ አልሞላውም" ብለው ጠሩኝ። ሁሉንም አጥፍቼ ሁለቱን ለየብቻ ለካሁ። አንዱ ሙሉ ነው፣ 12.8፤ ሌላው ባዶ፣ 10.6።

"ጋሼ፣ ይቺ ቀጭን ሽቦ ወዴት ነው የምትሄደው?"

"እሷማ የዋይፋይ ናት፣ ምንም አትበላም።"

አንድ አምፔር ትበላለች። ቀንና ሌሊት ስትሠራ 24 አምፔር-ሰዓት ማለት ነው፤ ከ100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ሩብ ያህሉ፣ በየቀኑ፣ ከአንዱ ብቻ። ቻርጀሩ የሚያየው ደግሞ ድምሩን ነው። 28.8 ሲደርስ ሞላሁ ይላል፤ ያልተነካው ባትሪ 15.3 ላይ አሲዱ እየፈላ፣ የተበላው 13.5 ላይ ጦሙን ያድራል። በየፊናቸው ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር ግዙ። እሱ የሁለቱን ባትሪ ዳርና ዳር ይዞ ከሁለቱም እኩል ይጎትታል፤ ዋጋውም ከባትሪ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ፊውዝ ባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ይሁን እንጂ ራውተሩ ጋ አይሁን። ፊውዝ የሚያድነው ሽቦውን ከመቃጠል ነው።

ሶኬቱ ገባ ማለት ቮልቱ ልክ ነው ማለት አይደለም። 9 ቮልት ራውተር አለ፣ 5 ቮልትም አለ፤ የአዳፕተሩን ጽሑፍ አንብቡ። "12 ቮልት" የምንለው ባትሪ ራሱ ቻርጅ ላይ 14.4 ይደርሳል።

አሁን ወደ ሜትሯ። ቮልትና አምፔር አንድ ላይ የምታሳየዋን ትንሽ ዲጂታል ሜትር ሁሉም ይወዳታል፣ እኔም እወዳታለሁ። ሁለት ወፍራምና ሦስት ቀጫጭን ሽቦ ያላት ዓይነት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቀጭኗ ጥቁርና ወፍራሟ ጥቁር ውስጥ ለውስጥ አንድ ናቸው። ወፍራሟ ከላላች ያ ሁሉ ከረንት ፀጉር በምታክለው ሽቦ ልለፍ ይላል፣ ከዚያ ጭስ ነው። ስለዚህ ሜትሯን የሚያበራት ራሱ የምትለካው ባትሪ ከሆነ፣ ዲያግራሟን አይታችሁ ቀጭኗን ጥቁር ሳታስሩ ተዉአት፤ ወፍራሟ ትበቃታለች። ስዊችም አድርጉላት። 20 ሚሊአምፔር ብትበላ ለትልቅ ባትሪ ምንም አይደለም፣ 7 አምፔር-ሰዓት የሆነችውን የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር የሚያቆየው ሳጥን) ባትሪ ግን በሁለት ሳምንት ታደርቃታለች። ሰውዬው የክፍለ ሀገር ጉዞውን ጨርሶ ሲመለስ ባትሪው የለም።

ሽቦ አታሳንሱ። 10 ሜትር ርቀት፣ 1.5 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) ሽቦ፣ 5 አምፔር፤ መንገድ ላይ ከአንድ ቮልት በላይ ጠፋ። አምፖሉ ደብዘዝ ሲል ባትሪውን አትስደቡ።

የራሴንም ልናገር። አንድ ቀን የመልቲሜትሩን ቀይ ገመድ 10 አምፔር ቀዳዳ ላይ ሰክቼ ከረንት ለካሁ፣ ምሳ በላሁ፣ ተመልሼ ማዞሪያውን ቮልት ላይ አደረግሁና ባትሪው ላይ አሳረፍኩት። ገመዱን ግን አልቀየርኩም። በዚያ ቀዳዳ በኩል መልቲሜትር ማለት ወፍራም ሽቦ ማለት ነው፣ የባትሪውን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ በቀጥታ አገናኘሁ። ጧ! የፕሮቡ ጫፍ ግማሹ ፖሉ ላይ ተበየደ፣ ገመዱ እጄ ላይ ለሰለሰ። ያ መልቲሜትር ዛሬም አለኝ፤ ቮልት ይለካል፣ አምፔር ግን አይሞክርም።